ከጅረቱ ማዶ ያለው ቀስት

«ተንበርክከሽ እዪው እንጂ» አሉ የማሳው ባለቤት ኤልድን። «ቆመሽ አይታይሽም።»

ሎርና ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የሞተር ጎማ ከጫካው ጫፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ የድንቹን ማሳ ለሁለት ሰንጥቆታል። እዚህም እዚያም ከሳምንት በፊት የተተከለው ድንች ተፈንቅሎ ወጥቶ ነጭ ጉንቁሉ ይታያል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ የባለ አራት ጎማ ሞተሮች መንገድ ለዓመቱ ከተከፈተ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም።

«አንድ ሞተር ነው» አለች።

«መቁጠር አላቃተኝም። አንድም ይበቃል! ይሄ ለጥብስ የሚሆን ድንች አይደለም፣ ዘር ነው። ከሰው እርሻ ጎማ ላይ ተጣብቆ የመጣ አፈር በሽታ ቢያስገባብኝ፣ የዘር ተቆጣጣሪው ማሳውን በሙሉ ለዘር አይሆንም ብሎ ይጥለዋል። ይሄን ለእናንተ ማኅበር ስንቴ ተናገርኩ?»

«በየዓመቱ ነግረውናል።»

«በየዓመቱ!» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «እስከ ስድስት ሰዓት ስሙን አምጡልኝ። የሰውየውን ስም ከሰጣችሁኝ ጠቡ የእኔና የእሱ ነው፣ መንገዱ ክፍት ይቆያል። ካላመጣችሁ የመንገዱ በር ላይ ሰንሰለት አስርበታለሁ።»

ኤልድን ማክሪ አስፈራርተው የሚተዉ ሰው አይደሉም። ከሐይቁ ጫካ ወደ ከተማ የሚወስደው የሞተር መንገድ ደግሞ ከእሳቸው መሬት ሌላ ማለፊያ የለውም፤ በአንዱ ጎን ወንዝ፣ በሌላው የባቡር ሐዲድ አለ። እኛ ዘንድ ለዚህ ነገር ውል የሚባል የለም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሞተረኞቹ ማኅበር የመንገድ ኃላፊ፣ ማለትም ሎርና፣ የባለመሬቱን በር ታንኳኳለች፣ ምልክቶቹ መስተካከላቸውን ትነግራለች፣ እጅ ትጨብጣለች፤ አለቀ። ስንትና ስንት የጫካ መንገድ የቆመው በዚህ ብቻ ነው።

ሎርናን ያስጨነቃት ግን ማኅበሩ ብቻ አልነበረም። ባሏ ሬናልድ ከሦስት ዓመት በፊት ጫካ ውስጥ ግንድ ወድቆበት ወገቡ ተሰብሯል። በሁለት ምርኩዝ ከአልጋው እስከ በረንዳው ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንለትም። ሞተር ላይ ሲወጣ ግን እንደማንም ሰው ነው። ሐይቁ ዳር አባቱ የሠሯት የዓሣ አጥማጅ ጎጆ አለችው፤ መኪና አይደርስባትም፣ ሞተር ብቻ ነው የሚደርሰው። በረዶው ወርዶ፣ ቀልጦ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ሰውየው ቀን ሲቆጥር ነው የከረመው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ሊሄዱ ነው። ማለዳ ከቤት ስትወጣ የመንጠቆውን ክር እየጠቀለለ ያፏጭ ነበር።

ኤልድን ወደ ትራክተራቸው ሲመለሱ ሎርና ዱካውን ተከትላ ወደ ጫካው ሄደች፣ ሌላ ድንች እንዳትረግጥ እግሯን ጎማው በሄደበት ላይ ብቻ እያሳረፈች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሰውየው ባለጌ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት። የቢራ ጣሳ፣ የተሰበረ አጥር፣ ምንም ይሁን ምን። ጅረቱን በጠባቡ ድልድይ ተሻግራ ቀና ስትል ያገኘችው ግን ማኅበሩ አቅጣጫ ለማሳየት የተከለውን ቀስት ነው።

ቀስቱ የሚያመለክተው ቀጥታ ወደ ማሳው ነበር።

ይህ ማሳ አንድ ዓመት አጃ፣ አንድ ዓመት ድንች ይዘራበታል። በአጃው ዓመት ኤልድን መሃል ለመሃል ጠባብ መተላለፊያ ይተዉላቸዋል፤ በድንቹ ዓመት ሞተረኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ ዳር ዳሩን ይዞራል። ቀስቶቹን በየዓመቱ ማዞር የሎርና ሥራ ነው። ሚያዝያ ላይ የአስፋልቱን በኩል አዙራ ወደዚህኛው ስትመጣ፣ ጅረቱ በበረዶ ውሃ ሞልቶ ድልድዩን ሸፍኖት አገኘችው። ሲጎድል እመለሳለሁ አለች። በማግስቱ ሬናልድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ሆስፒታል ገባ፤ ስድስት ቀን አጠገቡ ወንበር ላይ አደረች። እንደወጡ ኤልድን ዘንድ ሄዳ «ሁሉንም አዙሬያለሁ» ብላ ጨበጠቻቸው። አልዋሸችም፤ እንዳዞረችው እርግጠኛ ነበረች። ሥራ የበዛበት ሰው አንዳንዴ ያሰበውን እንደሠራው ይቆጥረዋል።

እንግዲህ ያ ሞተረኛ ያደረገው ማኅበሩ ሂድ ያለውን ነው።

መፍቻዋ እንደ ወትሮው ኪሷ ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት አሁኑኑ መዞር አለበት አለች ለራሷ፣ እውነትም ነበር። ሁለቱን ብሎን አላልታ ቀስቱን ወደ ቀኝ መለሰችው፣ ደግማ አጠበቀችው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያ ማንም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ዙሪያዋን ቃኘች። ዙሪያዋን ባትቃኝ ኖሮ ሥራዋን ብቻ እንደሠራች እንቆጥርላት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ የማኅበሩ አዳራሽ ደጅ በሞተር ተሞልቷል። የመክፈቻ ቀን ቁርስ ነው፤ ፕሎይ የሚባል ትኩስ ቂጣ በቅቤ፣ ባቄላ፣ ቡና በትልልቅ ኩባያ። የሚበላ ግን አልነበረም። ሁሉም ውጪ ቆሞ የኮሪ ላጋሴን ሞተር ከቦታል። ከጎማው ጥርስ መሃል የድንች ጉንቁል ተገኝቷል።

ኮሪ የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ የሚወደውም የለም። ጠጥቶ ሲነዳ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቋል፤ ካቻምና ደግሞ የአንድ ገበሬ አጥር ጥሶ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። ሞተሩ ሐይቁ ዳር ከርሞ ነበርና፣ ትናንት በእግሩ ሄዶ እዚያ አድሮ ማለዳ ወደ ከተማ የመጣው እሱ ብቻ ነበር።

«ቀስቱ ቀጥ በል አለኝ፣ ቀጥ አልኩ!» ይላል ፊቱ ቀልቶ። «ስንቴ ልንገራችሁ?»

«ቀስቱ ደግሞ አፍ አወጣ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁበት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ማርሴል አልሳቀም። ነዳጅና ሳንድዊች የሚሸጥበት ሱቁ መንገዱ ከተማ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ የእሱም ነገር ያከትማል። «እኔ አሁን ከዚያው ነው የመጣሁት» አለ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀስቱ የሚያሳየው ወደ ቀኝ ነው።»

«ጠዋት እንደዚያ አልነበረም!»

«ታዲያ ማን አዞረው? ቀበሮ?»

እንደገና ተሳቀ። ኤልድን እጃቸውን አጣምረው ፒክአፓቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ማርሴል ከኪሱ የሚታጠፍ ስለት ያለው መፋቂያ አወጣ። የማኅበሩ ደንብ እንዲህ ነው፤ ማሳ ያበላሸ ሰው የአባልነት ተለጣፊው ከሞተሩ ላይ የሚፋቀው ባለመሬቱ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አብሮት አይነዳም፣ ጭቃ ውስጥ ቢቀረቀርም የሚጎትተው አያገኝም።

«ሎርና» አለ ኮሪ ድንገት። «አንቺ ንገሪያቸው እንጂ። የቀስቶቹን ነገር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁሌ ወደ ቀኝ ነበር?»

ሁሉም ዞረው አዩአት። ቡናው እጇ ላይ ቀዝቅዟል። ኮሪን ለማስኮነን አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሱም ባይሆን ዝምታ ይበቃል። ኮሪ እንደሆነ ስሙ ቀድሞም ጠፍቷል፣ አንድ ነገር ቢጨመርበት ምን ይጎድለዋል? ሬናልድ ግን ዛሬ ካልሄደ መቼ ነው የሚሄደው? ይህን ሁሉ አሰበች፣ አፈረችም።

ማርሴል መልሷን አልጠበቀም። ተንበርክኮ የመፋቂያውን ስለት ከተለጣፊው ጠርዝ ሥር አስገባ። ኮሪ የማርሴልን እጅ ለመያዝ ሲንደረደር ሁለት ሰዎች ትከሻውን ያዙት። ያን ጊዜ ኮሪ ሊያለቅስ እንደደረሰ ልጅ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሎርና በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ተወው ማርሴል» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ቀስቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያዞርኩት። ኮሪ ሲያልፍ ቀጥታ ነበር የሚያሳየው።»

ኤልድን ከመኪናቸው ተነጠሉ። «ሚያዝያ ላይ አዙሬያለሁ ብለሽ ጨብጠሽኛል።»

«ጨብጬዎታለሁ።»

«ቤቴ ድረስ መጥተሽ።»

«አዎ። የአስፋልቱን በኩል ነበር ያዞርኩት። ወደ ጫካው በኩል ጅረቱ ሞልቶ ነበር፤ እመለሳለሁ ብዬ ረሳሁት።» የሆስፒታሉን ነገር ልትጨምር አስባ ተወችው። «ዛሬ ሳየው ደግሞ ለእርስዎ መንገር ሲገባኝ ደበቅኩት።»

የአንድ ሰው ሞተር ብቻ ይንተከተካል።

«ኮሪ ቢሆን ኖሮ» አሉ ኤልድን «ጅል ነው ብዬ ረግሜው አልፍ ነበር። እኔ ግን መሬቴን የከፈትኩት ለጅል አይደለም። የጨበጠኝን የአንቺን እጅ አምኜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለዘንድሮ በቃ። ለከርሞ መጥተሽ አንኳኪ፤ እከፍት እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።» ከፒክአፑ ላይ ሰንሰለቱንና ቁልፉን አውርደው ክንዷ ላይ አስታቀፏት። «ራስሽ እሰሪው። ከስድስት ሰዓት እንዳያልፍ።» ወደ ኮሪ ዞረው ኮፍያቸውን ነካ አደረጉና ሄዱ።

ማርሴል መፋቂያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ምን ነበረበት አፍሽን ብትይዢ?» አላት ጥርሱን ነክሶ። «እሱ እንደሆነ የሚጎዳበት ነገር አልነበረውም። እኛን ገደልሽን እኮ!»

ሎርና ሰንሰለቱን እንደታቀፈች በኮሪ አጠገብ አለፈች።

«አመሰግናለሁ እንድልሽ እንዳትጠብቂ» አላት። «ያን ያህል ሲስቁብኝ ቆመሽ ስታዪ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ሰንሰለቱን ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ሬናልድ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፤ የራስ ቁሩን ደፍቶ፣ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ቆልፎ፣ ሞተሩን አስነስቶ። ምርኩዞቹ መሬት ላይ ወድቀዋል።

«ዘገየሽ እኮ! ዓሣው በእርጅና ሊሞትብን ነው» አለ እየሳቀ። «እይማ፣ ብቻዬን ነው የወጣሁት! ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ማንም አልደገፈኝም።»

ከመኪናዋ ወርዳ አጠገቡ ቆመች። ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር፣ ከዱካው ጀምራ ነገረችው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማን ሊያውቅ ነበር?» አላት።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ተለጣፊውን ሊፍቁበት ነበር።»

«ኮሪ ለእኔ ምኔ ነው? ወንድሜ ነው? አጎቴ ነው?» ድምጹ ተቆራረጠ። «ሰባት ወር ሙሉ ግድግዳ ሳይ የከረምኩት እኔ ነኝ። ስለ እኔ ትንሽ አላሰብሽም?»

«ስለ አንተ አስቤ ነው የቀስቱን ነገር የደበቅኩት» አለች፣ እንባዋም መጣ። «ስለ አንተ አስቤ ነው በኮሪ ሲስቁበት ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ ያየሁት።»

ሬናልድ መሪውን ጨብጦ ወደ መኪናዋ አየ። የተሳፋሪው ወንበር ላይ ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ገና አላሰርሽውም?»

«እስከ ስድስት ሰዓት ሰጥተውኛል።»

«አሁን ስንት ነው?»

«አምስት ከአሥር።»

ዓይኑ በራ። «እንግዲያው እንሂድ! ዳር ዳሩን፣ ድንቹን ሳንነካ። ሃያ ደቂቃ ነው እኮ። እኔን ጎጆዋ ጋ ጣይኝና ተመልሰሽ ትቆልፊዋለሽ። ስንቁ እዚሁ ኋላዬ ታስሯል። ገና ክፍት ነው ሎርና፣ ማንንም አንሰርቅም!»

«ከዚያስ? ሰንሰለቱ ከታሰረ በኋላ ማን ያወጣሃል?»

«ለመውጣቱ ማን ቸኮለ?»

ሳታስበው ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፣ ተስፋም አደረገ። ቢሄዱ እውነትም ማንም አይከለክላቸውም ነበር፤ ሽማግሌውም ቢሆኑ ቃላቸው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ለመመለስ ግን ያንን ሰንሰለት የምትፈታው እሷ ናት፣ ነገ ወይም በሳምንቱ፣ እንደ ዛሬው ጠዋት ዙሪያዋን እየቃኘች።

«አንድ ቀን ብቻ» አላት ሬናልድ ቀስ ብሎ።

ሎርና እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉንም ነቅላ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ትፈታለት ጀመር። ሬናልድ መጀመሪያ ፊቱን አዞረባት፤ ቆይቶ አገጩን ቀና አደረገላት።