የኒድ ቦይ ቆፋሪዎች

ዳውድ የልጁ የዛሂራ የትምህርት ቤት ሬፌራት፣ ክፍል ፊት የምታቀርበው ገለጻ፣ በፓናማ ቦይ ላይ መሆኑን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ጀርመን አገር ዚንድሊንገን በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ኮንቴይነር ሲያራግፍ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስለ መርከብ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

"ካርቶን ላይ አትሥሪውም" አላት። "እውነተኛ ቦይ እንቆፍራለን፤ አንቺ ፎቶ ታነሺያለሽ።"

ቅዳሜ ጠዋት ኒድ የሚባለው ሰፈር ወደተከራዩት የአትክልት ቦታ ሲሄዱ ጎረቤቱን አሰግድንም ጎትቶ ወሰደው። አሰግድ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል የትራም ነጂ ነው፤ እምቢ ማለት ግን አይሆንለትም።

ስድስት ሜትር የሚረዝም ቦይ ሊቆፍሩ ተነሡ። ዛሂራ ወንበር ላይ ሆና ያዘጋጀችውን በጀርመንኛ ታነብላቸዋለች። ከፓናማው ቦይ ቆፋሪዎች ብዙዎቹ ከባርባዶስና ከጃማይካ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ ወባው፣ ድማሚቱና ናዳው በሺህ የሚቆጠሩትን ፈጃቸው፤ አሠሪዎቹ የሚያውቋቸውም በስማቸው ሳይሆን በናስ ላይ በተቀረጸ ቁጥር ነበር።

ሁለተኛው ሜትር ላይ አሰግድ ዕረፍት ጠየቀ። መሐንዲሱ ዳውድ ገና ነው አለው። ሦስተኛው ላይ አሰግድ አካፋውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ ወገቡ አልቃና አለ። ዳውድ ሊያነሣው ሲጎትት የቦዩ ጠርዝ ተናደና ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ዘፍ አሉ፤ አሰግድ በፊቱ ተደፍቶ ከላይ የቀረው መቀመጫው ብቻ ነበር። ዛሂራ መጀመሪያ ፎቶ አነሣች፤ ደህና መሆናቸውን የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ዳውድ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ክፍሏ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ዛሂራ የመሐንዲሶቹ ስም መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኝ ተናግራ አለፈችው። የራሷን ሁለት ቆፋሪዎች ስም ግን ከነአባታቸው ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ፎቶውንም ግድግዳው ላይ አበራችው።

"ሦስት ሜትር አንድ ወገብ ፈጀ" አለች። "የፓናማው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ስንት ሰው እንደሚፈጅ አስቡ።"

ክፍሉ ሳቀ።

መምህሯ አባትየው የሚጨምሩት እንዳለ ጠየቀች። ዳውድ ስለ ዓለም ንግድ ሊናገር ሲለማመድ ነበር የሰነበተው። ሲቆም ግን ሌላ ነገር መጣለት።

"ዕረፍት ሲጠይቀኝ መፍቀድ ነበረብኝ" አለ።

ከትምህርት ቤቱ እንደወጣ አሰግድ ጋ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው። አሰግድ በጀርባው እንደተኛ ይቅር አለው፤ ፎቶውን ስንት ሰው እንዳየው ግን ማወቅ ፈለገ። ዳውድ ሃያ ስድስት ተማሪና አንዲት መምህር መሆናቸውን ነገረው።

"ፊቴ ይታያል?"

"ፊትህስ አይታይም" አለ ዳውድ።

አሰግድ እፎይ አለ። ዳውድም የሚታየው ምን እንደሆነ አልነገረውም።