የሃርላን ማማዎች

ቨርና ሊንድክዊስት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ፣ አንድም ቀን ከአርባ ሁለት ማይል መንገዷ ወጥታ አታውቅም። ጠዋት ልጆቹን ከየእርሻው ደጃፍ ትለቅማለች፤ ከሰዓት መልሳ ትበትናለች። ባሏ ሃርላን ግን ያገኘበት የሚያድር ሰው ነበር። ሥራው የውሃ ታንከር ማማ መቀባት ነው። በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ፣ የነብራስካን ግዛት ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የየከተማውን ስም በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። ማታ ይደውልና «ዛሬ ከላይ ሆኜ ያየሁትን ብነግርሽ!» ይላታል። እሷም ሳህን እያጠበች «ንገረኝ እስቲ» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ አረጁ።

ሃርላን ሰባ አራት ዓመት ሲሞላው ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ እጁን ያንቀጠቅጠው፣ እግሩንም ከመሬት ጋር ያጣብቅበት ጀመር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የሚያስፈልጋችሁ ጸጥ ያለ ኑሮ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። ቨርና መኪናቸው ውስጥ ገብታ በሩን ወርውራ ዘጋችው።

«ጸጥ ያለውንስ ኖሬ ጨርሼዋለሁ» አለች። «ለመሆኑ ስንት ማማ ነው የቀባኸው?»

«አርባ ሦስት።»

«እኔ አንዱንም አላየሁም።»

ሃርላን ዘወር ብሎ አያት። «እንግዲያው አንድ በአንድ ላሳይሽ» አለ። በሁለተኛው ወር ቤታቸውን ሸጠው፣ መኝታና ማድቤት፣ መታጠቢያም ያለው አንድ አሮጌ ቤት-መኪና ከአንድ ጡረተኛ ፓስተር ገዙ። ርዝመቱ ሠላሳ ጫማ ነው። ጎረቤቶቻቸው በሰባ አንድ ዓመቷ ይህን እንዴት ልትነዳው ነው ብለው ሲያሙ፣ ቨርና ወደኋላ እየነዳች በሁለት ዛፎች መሀል ሰክታ አቆመችውና ወሬው ጸጥ አለ።

አልቸኮሉም። በቀን ከስድሳ ማይል በላይ ላይነዱ፣ በትልቁ አውራ ጎዳና ላይም ላይወጡ ተስማሙ። የወደዱት ከተማ ሳምንት ይቀመጣሉ፤ ያልወደዱትን ምሳ በልተው ይለቁታል። ቤዝቦል ባለበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የማያውቁትን ቡድን ይደግፋሉ፤ ቤተክርስቲያን ምሳ ካለ ይገባሉ። ኮርሊ በምትባለው ከተማ አንድ ሽማግሌ ሃርላንን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና፣

«የከተማችንን ስም አንድ ፊደል ገድፈህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?» አለው።

«አስተካክዬዋለሁ እኮ!»

«በማግስቱ ነዋ! የዚያን ዕለት ግን የጎረቤት ከተማ ሰው ሁሉ እየመጣ ሲስቅብን ዋለ።»

ቨርና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ይህን ጉድ በአርባ ስምንት ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን አልነገራትም።

ሐምሌ ላይ አሥራ ሁለተኛው ማማ ደርሰው ሳለ ሃርላን መታጠቢያው ውስጥ ወድቆ ግንባሩ ተሰነጠቀ። ሦስት ቦታ ሰፉለት። በሳምንቱ በቤተክርስቲያን ምሳ ላይ አንዲት ሴት ፎቶ አንስታቸው ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው፤ ሃርላን በአንድ እጁ የፓይ ኬክ ሳህን ይዞ፣ ግንባሩ በፋሻ ተጠምጥሞ ይስቃል። ይህን ፎቶ ሊንከን ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ጆሊን አየችው።

ጆሊን አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች አለቃ ናት። በማግስቱ አምስት ሰዓት ነድታ እነሱ የቆሙበት የከተማ መናፈሻ ደረሰች። አባቷን ሳመችው፤ ፋሻውን ገልጣ ስፌቱን አየች፤ ከዚያ ቤት-መኪናው ውስጥ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ ወረቀት ዘረጋች።

«ለአባዬ ክፍል አግኝቼለታለሁ። ጥሩ የአረጋውያን ቤት ነው፤ ከቤቴ አሥር ደቂቃ። ሰኞ ይገባል። አንቺ ደግሞ እኔ ጋ ትሆኛለሽ።»

«አባትሽን ጠይቀሽዋል?» አለች ቨርና።

«እማዬ፣ ይሄ የመጠየቅ ጉዳይ አይደለም። ሰውየው እየወደቀ ነው!»

«እኔ እዚሁ ነኝ» አለ ሃርላን። ድምፁ በበሽታው ምክንያት ዝቅ ብሏል። «ሰውየው እዚሁ ተቀምጧል።»

ጆሊን ቀላች፤ ግን ወደኋላ አላለችም። ተነሥታ ከመስቀያው ላይ የመኪናውን ቁልፍ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገ ስትረጋጉ እንነጋገራለን።»

ቨርና ልጇን አትጠላትም፤ ፍርሃቷንም ታውቀዋለች። መሪዋን ግን ለማንም አትሰጥም። ሄዳ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከአንገቷ ላይ ቀጭን ሰንሰለት ሳበች፤ ጫፉ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ነበር።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ልጅ አደራ ተቀብዬ የነዳሁ ሴትዮ፣ በአንድ ቁልፍ የምወጣ መሰለሽ?» ብላ ሞተሩን አስነሣች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው? መኪናዬ እዚህ ነው ያለው!»

«ቁጭ በይ! እኔ ስነዳ የሚቆም ተሳፋሪ የለም። ቀበቶ!»

ጆሊን ልጅ ሆና አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ አውቶቡስ ተመላልሳለች። ሳታስበው ቁጭ አለችና ቀበቶዋን አሰረች። ማሰሯን ያወቀችው ካሰረች በኋላ ነው። ሃርላን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሃያ ሁለት ማይል በበቆሎ መሀል ሄዱ። ሃዝልግሮቭ የምትባለው ከተማ ገና ከሩቅ ማማዋ ታየ፤ ቀለሙ ፈዝዟል፣ ስሙ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ሃርላን ከበታቹ ልቁም አለ። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነው ሣሩ ላይ አወረዱት። ቀና ብሎ ሰሜኑን ጎን እያሳየ «እዚያ ጋ ንብ አሳዶኛል» እያለ ሳለ እግሩ እንደልማዱ ተጣበቀና፣ በጉልበቱ ከዚያም በጎኑ ወደቀ።

ጆሊን ጮኸች። ዘላ ብብቱን ልትይዘው ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው።»

«እማዬ፣ ወድቋል እኮ!»

«አይቻለሁ። ራሱን አልተመታም። ሃርላን፣ ያመመህ ቦታ አለ?»

«ክብሬን ብቻ» አለ ከሣሩ ላይ።

ቨርና ከጎኑ ቁጭ አለች። እግሯን ዘርግታ፣ ከኪሷ ፖም አውጥታ ገመጠች፤ ለእሱም አጎረሰችው። ልጇ ቆማ ታያለች። በሥራዋ ስንት የወደቀ ሰው አንሥታለች፤ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ነው። እዚህ ጥድፊያ የለም።

«የመጀመሪያው ጊዜ» አለች ቨርና፣ «ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አንድ ሰዓት ፈጅቶብናል። አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ሁለት ገበሬዎች ናቸው ያነሡልኝ። ከዚያ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፈልጌ ሁለት ቀን ሙሉ ተማርን። አሁን ጠብቂና እዪ።»

ከቤት-መኪናው አንድ አጭር ዱካ አመጣች። ሃርላን ቀስ ብሎ በሆዱ ዞረ፤ በእጁና በጉልበቱ ሆነ፤ ዱካውን ጨብጦ አንዱን እግር አስቀደመ። ቨርና ወገቡ ላይ ያሰረችለትን ሰፊ ቀበቶ ይዛ «አንድ፣ ሁለት» ስትል ተነሣ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ቆመ።

«አንድ ቀን አይሠራም እኮ፣ ይሄ ዘዴ» አለች ጆሊን። «አንድ ቀን መነሣት ያቅተዋል።»

«ያቅተኛል» አለ ሃርላን። «አውቃለሁ። ያን ቀን አንቺን እጠራሻለሁ፣ ክፍሉም ካለ እገባለሁ። ዛሬ ግን አልገባም። ስድሳ ሜትር ላይ ስንጠለጠል ማንም መጥቶ ገመዴን አልወሰደብኝም፣ ልጄ። አሁን ሣር ላይ ስወድቅ ነው እንዴ የምትወስዱብኝ?»

«ሰኞ ካልገባህ ክፍሉን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት።»

«ይስጡት። ይመቸው በዪልኝ።»

ጆሊን ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደባት። ከዚያ እሷም ሣሩ ላይ ተቀምጣ የተረፈውን ፖም ከእናቷ እጅ ተቀበለች። አልተስማማችም። ስትመለስም መንገዱን ሙሉ ስትከራከር ነበር፤ መታጠቢያው ውስጥ መያዣ ብረት እንዲገጠም፣ አልጋው ሥር የሚንሸራተተው ምንጣፍ እንዲጣል፣ በየሁለት ቀኑ እንዲደውሉ። ቨርና ብረቱን ተቀበለች፣ ምንጣፉን ጣለች፣ በየሁለት ቀኑ መደወሉን ግን «በየእሁዱ ይበቃሻል» ብላ እንቢ አለች። መኪናዋ ጋ ሲያደርሷት ጆሊን ከቦርሳዋ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በቆሎው እስኪሰበሰብ ሠላሳ ዘጠኝ ማማ አዩ። ሃርላን ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ሦስት ጊዜ ተነሣ። አንድ ቦታ ማማው ፈርሶ መሠረቱ ብቻ ቀርቶ አገኙት፤ እዚያው ኮንክሪቱ ላይ ሳንድዊች በሉና ቆጠሩት።

ኅዳር ላይ የምስጋና ቀን የሚሉትን በዓል ሊያከብሩ ሊንከን ገቡ። ጆሊን የምትኖርበት ሰፈር ሣሩ በአንድ ልክ የታጨደ፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቨርና ቤት-መኪናውን ከበሯ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ አቆመችው። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ማኅበር ጸሐፊ የሆነ ሰውዬ ወረቀት ይዞ መጣ። ቨርና ቤት-መኪናው ውስጥ መስኮቱ ሥር ድንች እየላጠች ሁሉንም ትሰማለች።

«ወይዘሮ ጆሊን፣ ደንቡን ያውቁታል። ማንኛውም መኪና ከሃያ አራት ሰዓት በላይ መንገድ ላይ አይቆምም። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዕድሜ ሰው እንዲህ መንከራተቱ...»

«አልተንከራተቱም» አለች ጆሊን። እጇ በሊጥ ተለውሷል። «እየኖሩ ነው። መቼ እንደሚሄዱ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እኔ ላስቆማቸው ሞክሬ፣ ጠልፈው ነው የወሰዱኝ። ከፈለግህ አንኳኳና ንገራቸው፤ ግን ቀበቶ የምታስር ከሆነ ብቻ።»

ሰውዬው ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ወረቀቱን በር ላይ ለጥፎ ሄደ። ጆሊን ንዴቷ አልበረደላትም ነበር፤ እጇን ታጥባ፣ የራሷን መኪና ከጋራዥ አውጥታ፣ ከወላጆቿ ቤት-መኪና ጀርባ መንገዱ ላይ አስጠግታ አቆመቻት።