ሲቀነስ አሥራ ሁለት

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመስታወት መቁረጫ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መስታወት ቆራጩ፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጁ፣ እና አፉ ስለማያርፍ «ራዲዮ» የሚሉት የሥራ ባልደረባው። ቆራጩ ከመስታወት ቁራጭ ላይ አንድ ቁጥር በአውራ ጣቱ ሲያጠፋ ልጅቷ ጮኸች።

«አባዬ! አሁንም አጠፋኸው!»

«ምኑን?»

«ሲቀነስ አምስትን ነዋ! መልሶቹ ሁለት ናቸው አላልኩህም? ስምንት እና ሲቀነስ አምስት።»

ቁራጩ ላይ በማርከር የጻፈችለት እኩልታ አሁንም ይታያል፤ ኤክስ ስኩዌር፣ ሲቀነስ ሦስት ኤክስ፣ ሲቀነስ አርባ፣ እኩል ነው ዜሮ።

ፋክተር ማድረጉስ አልከበደውም። ሲባዙ ይህን፣ ሲደመሩ ደግሞ ያንን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልግ ቢሉት ዓይኑን ሳያሽ ያገኛቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ትልቁን መስታወት ያለ ትርፍራፊ እንዴት እንደሚከፋፍለው ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው። አርባ ስትለው አምስት በስምንት፣ አራት በአሥር እያለ ሐሳቡ ቀድሞ ይሮጣል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሲያይ እጁ አያርፍለትም።

«እስቲ ንገሪኝ፣» አለ፣ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ። «ወርዱ ሲቀነስ አምስት የሆነ መስታወት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ አይቻለሁ፣» አለ ራዲዮ ከወዲያ ጥግ። «አንተ የሰበርከው ዕለት።»

«አንተ ዝም በል፣ ማን ጠራህ?»

«ጋሼ፣ እባክህ አታስቀው፣» አለች ልጅቷ፣ ራሷ ሳቋን እየዋጠች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ስማኝ። ቁጥሩ መስታወት አይደለም። ቁጥር ነው። ባለፈው ዙር የሒሳቡን ፈተና የወደቅከው በስንት ነጥብ ነው?»

«በሦስት።»

«ስንት መልስ ሰርዘህ መጣህ?»

አራት ነበር። ከፈተናው ሲወጣ የጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነግራው፣ አራት ትክክለኛ መልስ በገዛ እጁ እንደሰረዘ የቆጠረችለት እሷው ናት። ያን ዕለት እራት አልበላም።

ተነስቶ በሩ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ከነጋ እንዲህ ሲል ስድስተኛው ነው። ሰዓቱን አየ፤ ፈተናው ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። የቀኝ እጁን ጨበጠ፤ ሦስቱ ጣቶች ታዘዙ፣ ትንሿና የቀለበት ጣቱ እንደ ልማዳቸው ተገትረው ቀሩ። ከዓመት በፊት አንድ ወፍራም መስታወት ከእጁ አምልጦ የእጅ አንጓውን ሲቆርጠው የቀረው ይህ ነው። በሦስት ጣት መጻፍ ይቻላል፤ የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት በደረጃ ማውጣት ግን አይቻልም። የመስታወት ቤቱ ባለቤት ክፉ ሴት አይደለችም። «ልኬት ክፍል ላስገባህ እፈልጋለሁ፣» ብላዋለች። «ግን ለሕንፃዎቹ የሚሄደውን የልኬት ወረቀት የሚፈርም ሰው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህን ዙር እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው እቀጥራለሁ።»

እስከዚያው የእሱን ሸክም ራዲዮ ደርቦ ይሸከማል፤ ስለ ሁሉም ነገር የሚያወራው ሰውዬ ስለዚህ ብቻ አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም።

«ቃል ግባልኝ፣» አለች ልጅቷ። «አንድም መልስ አትጥልም።»

«አልጥልም።»

«በእኔ ሞት በል።»

«ኧረ ተይ፣ በምን አፌ! አልጥልም አልኩሽ እኮ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ተፈታኞች መሀል ተቀመጠ። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ። ከጎኑ የተቀመጠ ጎረምሳ መጀመሪያ ፈታኝ መስሎት ቁጭ ብድግ ብሎለት ነበር።

ወረቀቱ ታደለ። የመጀመሪያውን እኩልታ አነበበና ፋክተር አደረገው። ሁለት መልስ፤ አንዱ ከዜሮ በታች። የእስኪርቢቶው ጫፍ ቁጥሩ ላይ ደረሰ፣ ተመለሰ። አልሰረዘም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አልሰረዘም። ባየው ቁጥር እየቀፈፈው፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት አድርጎ ጻፈ።

መጨረሻው ጥያቄ በቃላት የተጻፈ ነበር። የአንድ አዳራሽ ወለል ርዝመት ከወርዱ በአምስት ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ ሰማንያ አራት ካሬ ሜትር ነው፤ ወርዱ ስንት ነው?

ኤክስ ስኩዌር፣ ሲደመር አምስት ኤክስ፣ ሲቀነስ ሰማንያ አራት፣ እኩል ነው ዜሮ። ሰባት እና አሥራ ሁለት። ሰባት፣ ወይም ሲቀነስ አሥራ ሁለት። ሁለቱንም ጻፈና እስኪርቢቶውን አስቀመጠ።

ከዚያ መልሶ አነሳው።

«አሥር ደቂቃ ቀርቷል፣» አለ ፈታኙ።

ሲቀነስ አሥራ ሁለት ሜትር ወርድ። ቀና ብሎ የተቀመጠበትን ክፍል አየ፤ ዓይኑ ሳያዘው ለካው፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሰባት ሜትር ከምናምን። እንዲህ ያለው ክፍል ሲቀነስ ቢሆን ማን ይገባበታል? ግን ቃል ገብቷል። ልጁ ከእሱ በላይ ታውቃለች፤ ባለፈው የወደቀው በዚሁ ትዕቢቱ ነው። እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። አነሳ። ጎረምሳው ገላመጠው።

«ቁጥሩ መስታወት አይደለም» ብላዋለች። ልክ ናት፤ እስካሁን የጻፋቸው ቁጥር ብቻ ነበሩ። ይኼኛው ግን ወለል ነው። ሰው ይቆምበታል።

«አምስት ደቂቃ።»

መስታወት ሲቆረጥ የሚጫረው አንዴ ነው፤ የተጫረውን መስመር የደገመ ሰው ስብርባሪ ይለቅማል። ሲቀነስ አሥራ ሁለት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ሳበ፤ አልደገመውም። ከሥሩም «ወለል ስለሆነ» ብሎ ጻፈ።

ልጅቷ በሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

«ሁሉንም ሁለት ሁለት ጻፍክ?»

«አንዱን ጣልኩት።»

«አባዬ!» ዓይኗን እንባ ሞላው። «ቃል ገብተህልኝ! የትኛውን?»

«የአዳራሹን ወለል ወርድ።»

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጥያቄውን አስደገመችው፣ መዳፏ ላይ በጣቷ ጻፈች፣ አባዛች። ከዚያ ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ተቀበለችው።

ውጤቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተለጠፈ፤ አልፏል። ሰኞ ጠዋት የመስታወት ቤቱ ባለቤት የልኬት ክፍሉን ቁልፍ ሰጠችው፣ ራዲዮም እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ ስለ መስታወት ክብደት ሲያማርር አረፈደ።