በረኪና የጠጣው ጉድጓድ

ውሃ መርማሪዋ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቀና አለች።

"አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምን ጨመሩበት?"

"እኔ? ምን እጨምራለሁ ልጄ!" አሉ የጉድጓዱ ባለቤት ቀለም ቀቢው፣ ስለ ጎረቤት ጉድጓድ የተጠየቁ ይመስል።

"በረኪና ነው!" አሉ ሚስታቸው ከበረንዳው። "ለምርመራ ይጽዳ ብሎ ሙሉ ጀሪካን ደፋበት።"

"ፈተና የሚቀርብ ሰው ታጥቦ አይደል የሚቀርበው?"

"ታጥቦ ሳይሆን ተሸፋፍኖ ነው የቀረበልኝ" ብላ ሳቀች መርማሪዋ። "በረኪናው ጀርሙን ይደብቅብኛል። እየቀዱ ይድፉት፤ ሽታው ሲጠፋ እመለሳለሁ።"

ቀለም ቀቢው እንዲህ ያደረጉት ወደው አይደለም። ልጃቸው መንታ ወልዳ ልትመጣላቸው ነው። ጡቷ ለሁለት ስለማይበቃ የዱቄት ወተት በጡጦ ይጨመርላቸዋል፤ ሐኪሟም "ያልተመረመረ የጉድጓድ ውሃ እንዳትበጠብጪበት" ብሏታል። ጉድጓዱ ምርመራውን ከወደቀ መንታዎቹ የሚሄዱት አማቷ ዘንድ ነው። አማቷ ደግሞ የቧንቧ ውሃ አላት፤ ሰላምታ እንኳ ስትሰጥ ቧንቧዋን ሳታነሳ አታልፍም። ቀለም ቀቢው በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ጉድጓድ በቧንቧ ሊሸነፍ? ሞተው ነው!

ወገባቸው እስኪቆረጥ ቀዱ፣ ደፉ። መርማሪዋ ተመልሳ ናሙና ወሰደች፤ ውጤቱንም ራሷ ይዛ መጣች።

"ደስ ይበላችሁ፣ ጀርም የለበትም!"

ቀለም ቀቢው እልልታውን አቀለጡት።

"ግን..."

"አሁን 'ግን'ን ማን ጠራው?"

"ናይትሬት የሚባል ነገር በዝቶበታል። አይታይም፣ አይሸትም። የዶሮ ቤቱ አጠገቡ ስለሆነ ኩሱ በአፈር ውስጥ እየሰረገ ይገባል። ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው።"

"ብናፈላውስ?"

"ይብስበታል። መጀመሪያ የዶሮ ቤቱን ከዚህ ያርቁ፤ ከዚያ ደግመን እንመረምራለን።"

ዶሮዎቹ ነገሩ ያልነካቸው ይመስል ይጭራሉ። ይሄኔ ስልክ ጮኸ።

"ልጅቷ ናት" አሉ ሚስት። "ምን ልበላት?"

"ጀርም የለበትም በያት" የሚለው ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። ውሸትም አልነበረም። ቀለም ቀቢው ዋጡትና ስልኩን ተቀበሉ።

"ልጄ፣ ጉድጓዱ ወድቋል። ለልጆችሽ አይሆንም። አንቺ ግን ነይ።"

"በምን ውሃ፣ አባዬ?"

"እሱን ለኔ ተይው!"

ስልኩን ዘግተው አዲስ ጀሪካን አነሱ።

"ወዴት ነው?" አሉ ሚስት።

"አማቷ ዘንድ፤ ውሃ ልለምን።"

"አንተ? 'ቧንቧዬ፣ ቧንቧዬ' እያለች ትገድልሃለች እኮ!"

"ትግደለኝ። እስኪሞላ ቆሜ እሰማታለሁ፤ ሲሞላም ቧንቧዋን አወድስላታለሁ።"

ሚስታቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ። ቀለም ቀቢው ግን ከበር ወጥተው "ምን ያለ ቧንቧ ነው!" እያሉ መንገድ ላይ ልምምድ ጀመሩ። ማዞሪያው ጋ ሲደርሱ ከልባቸው ሊመስል ምንም አልቀረውም።