የአባባ መድኃኒት

በ2008 ክረምት አተት ከተማውን ባመሰበት ጊዜ፣ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ሆዴን ያለ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሲፋን "ተቅማጥና ትውከት ያየ ወዲያው ይደውልልኝ" ብላ ቤት ለቤት አስጠንቅቃናለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ከሽንት ቤት አልወጣ አለ። ሲወጣ ደግሞ ያስመልሰዋል። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "መድኃኒት ጠጥቼ ነው፤ ተዪኝ!" ይላል። የምን መድኃኒት እንደሆነ ግን ወይ ፍንክች! እማማ ማልቀስ ስትጀምር አናቴ ዞረና ደወልኩ።

ሲስተር ሲፋን ጓንቷን አጥልቃ፣ ክሎሪን የሚረጭ ሰው አስከትላ ከተፍ አለች። ጎረቤቱ በየበሩ አፉን ይዞ ቆመ።

"አባቴ፣ የጠጡት ምንድነው? ካልነገሩኝ አሁኑኑ ወደ ሕክምና ማዕከሉ ነው የምወስድዎት።"

አባባ ዙሪያውን ቃኘና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "ኮሶ" አላት።

ሰውዬው ጥሬ ሥጋ ነፍሱ ነው፤ ኮሶ መጠጣቱን ግን ሚስቱም እንድታውቅበት አይፈልግም! ሲስተር ሲፋን ኮሶውን የጠጣበትን ጣሳ አስመጥታ አየች፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣ አጠጣችው። "እስከ ማታ እከታተላቸዋለሁ" አለችኝ፤ "አንቺ ግን መደወልሽ ልክ ነው።"

ጣሳውን አምጥታ አተላውን ያየችው እማማ ግን ማታን አልጠበቀችም። በሩን በርግዳ "ኮሶ ነው! ጎረቤት፣ ኮሶ ነው!" ብላ ጮኸች። ግቢው በእልልታ ቀለጠ።

አባባ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

"ከዚህስ አተቱ ይሻለኝ ነበር!"