የጠይባ ገንቦ

ባሌ ከማሉ ጠይባን ያገባት ጊዜ «እህት አመጣሁልሽ» አለኝ። እህት አልጠየቅኩትም፤ እናቴ አምስት ወልዳልኛለች።

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሁለት ቤት ሠራልን፤ በመሐላችን የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። አዳሩን በተራ ተካፈልነው፤ እሱን እንኳ ለመድኩት። ያልለመድኩት ዶሮዎቿን ነው።

ድሮ ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ከሩቅ «የከድጄ እንቁላል መጣ!» ይሉ ነበር። ጠይባ በመጣች በዓመቷ እነዚያው ሴቶች «የጠይባስ?» ማለት ጀመሩ። ቆሽቴ አረረ። የእሷ ዶሮዎች ላባቸው ያብለጨልጫል፤ ሲራመዱ መሬቱ የአባታቸው ርስት ይመስላል።

በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ጀመርኩ፤ አልክድም። ማለዳ ማለዳ ጓሮዋ ውስጥ የተደፋ ገንቦ ታነሳለች። ከሥሩ ነጭ ነገር ይርመሰመሳል፣ ዶሮዎቿ ይሻሙበታል። ትል ታረባለች ማለት ነው! ገንቦው ውስጥ ምን እንዳለ ልይ ብል፣ ዓይኔ ከዶሮዎቿ ላይ አልነቀል አለ። ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። እሷን ከምጠይቅ ግን ምላሴ ቢቆረጥ እመርጥ ነበር።

ያን ክረምት፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት ባለው ዓመት፣ ልጄን ባሂራን በገበያ የማውቃት የአሚኔ ልጅ ለትዳር ጠየቃት። ባሂራም ልጁን ወዳዋለች። አሚኔ ግን ዋዛ ሴት አይደለችም፤ ጓዳው ካልጣማት ነገሩን አፍርሳ የምትመለስ ናት፤ ሁለት ቤት እንዲህ አድርጋለች። ከዒድ በኋላ ልትጎበኘን ቀን ተቆረጠ። ለዚያ ቀን ከጠይባ ጓሮ አንዲት ላባ አትገባም ብዬ ማልኩ።

እኔም ገንቦ አወጣሁ። ዝንብ የሚወደውን አውቃለሁና በዶሮ ኩስ ሞላሁት። በአምስተኛው ቀን ትሉ ተንተከተከ። ዶሮዎቼ ሲሻሙበት ሳይ «ጠይባ፣ አሁን አገኘሁሽ» አልኩ።

ወር አለፈ። ዶሮዎቼ እየበሉ ከሱ። እንቁላሉ ቀረ፤ ሁለቱ ሞቱ። ጠይባ በዓይኗ በላችብኝ ብዬ ለከማሉ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ያንንም ሳቅ በእሷ ላይ ቆጠርኩት።

ቀኑ ደረሰ። አሚኔ በጠዋት መጣች። ከማሉ የቀሩትን ሁለት ዶሮዎች አረደልኝና ከኋላዋ የሚመጡትን ወንዶች እንግዶች ሊቀበል ወጣ። አሚኔ «ላግዝሽ» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አንጀቱን ስስብ ተቀደደ፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥብጣብ የመሰለ የኮሶ ትል እጄ ላይ ተዘረገፈ።

«አዑዙ ቢላህ!» ብላ አሚኔ ወደ ኋላ አለች።

ባሂራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ያኔ ጠይባ በሁለት ብብቷ ሁለት ዶሮ ይዛ ገባች። አጥሩ ድምፅ አይከለክልም። «ኧረ ከድጄ!» አለች፣ «እነዚያ ልንቀብራቸው የለየናቸው በሽተኞቹ ናቸው እኮ! ለእንግዳ ያስቀመጥሻቸው እኔ ጋ አይደሉ?»

አሚኔ ዞራ አየችኝ።

«ረሳሁት» አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያች ቃል የከበደኝ ነገር የለም።

አሚኔ በላች፤ ጣቷንም ላሰች። ስትወጣ «ጣውንቶች እንዲህ የሚተጋገዙበት ቤት ያደገች ልጅ ለልጄ ትሆነዋለች» አለች። የኒካው ቀን ተቆረጠ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠይባን ደጃፍ ረገጥኩ።

«ገንቦሽ ውስጥ ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«የደረቀ የላም እበትና ገለባ። ምስጥ ያለበት መሬት ላይ ማታ እደፋዋለሁ፣ ጠዋት ምስጡ ይሞላዋል። አንቺስ?»

«የዶሮ ኩስ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የእናቴን ዶሮዎች የፈጀው እኮ እሱ ነው! ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ያለው ትል እንቁላሉ ከኩሷ ጋር ይወጣል። የዝንቡ ትል ይበላዋል። እሱን ደግሞ ዶሮዋ መልሳ ትበላዋለች። እንዲህ እየዞረ ይበዛል። አሮጊቶቻችን ምስጥ እንጂ የዝንብ ትል አታብሉ የሚሉት ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትቆጫለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች ዓይኗን ሰብራ። «በአጥሩ ስታዪኝ ግን አውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገንቦውን አፉን ወደ አንቺ አዙሬ የማነሳው ለዚያ ነው። ያየሽ መስሎኝ ነበር።»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዶሮዎቹ የእሷ ይሁኑ፤ ገበያውንም ትውሰደው። ያንን ልብ ግን አላህ ለምን ለእሷ ሰጣት? ወላሂ፣ እስከዚያ ቀን የቀናሁት ቅናት አልነበረም።