ሠላሳ ስምንቱ መጻሕፍት

ልብስ ሰፊዋ በሰው ፊት ቆሞ መናገር እንደሚሆንላት ያወቀችው በዚያች ቅዳሜ ነው። ሳታውቀው ብትቀር ይሻላት ነበር።

የወላጆች ስብሰባ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠርቶ፣ አጀንዳው ከመጸዳጃ ቤት ቧንቧ እስከ ጠዋት መግቢያ ሰዓት ተደርድሯል። ሰው ሁሉ የመጣው ግን ለአንድ ነገር ነው። በበጎ ፈቃድ የሚያግዙ ወላጆች ቤት ለቤት ዞረው ያሰባሰቧቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የተገነጣጠለ ገጻቸውን በስፌት መኪናዋ ሰፍታ ያደሰቻቸው ሠላሳ ስምንት የተረት መጻሕፍት ከመደርደሪያ ጠፍተዋል። ጠፍተዋል እንኳ አይባልም፤ የት እንዳሉ ይታወቃል። የመጻሕፍት ክፍሉ ኃላፊ በብረት ቁምሳጥን ቆልፈውባቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።"

ኃላፊዋ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ከአስተማሪው እስከ ዘበኛው "እትዬ" ይላቸዋል። ሳቅ አያበዙም፤ መጽሐፍ የመለሰውን ልጅም ገጹን አንድ በአንድ ሳያገላብጡ አይለቁትም። ልብስ ሰፊዋ ከመጀመሪያውም አልጣሟትም። መጻሕፍቱን አድሳ በሁለት ዘንቢል ተሸክማ የወሰደችላቸው ቀን፣ ሙገሳው እስኪወርድላት ፈገግ ብላ ስትጠብቅ፣ አንዱን አንስተው አገላብጠው "ክሩ ጠንካራ ነው" ብለው አስቀመጡት። በቃ! ወገቧ እስኪቆረጥ ለሰፋች ሴት "ክሩ ጠንካራ ነው" ምስጋና ይባላል? ያቺን ነገር ቋጥራ ይዛለች።

እናም ተራዋ ሲደርስ ቋጠሮዋን ፈታችው።

"እኛ ከሥራችን ሰዓት ቀንሰን ያመጣነውን፣ አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው የምትቆልፊበት?" አለች። አንቺ አለቻቸው፣ የእናቷን እኩያ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ። ሰዉ ጸጥ ሲልላት ክንፍ አወጣች። "ልጆቻችን ባዶ መደርደሪያ ያንብቡ? ወይስ ገዢ አግኝተሽላቸዋል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው፣ ባለ ጋራዡ፣ ዘይት የጠገቡ እጆቹን አንስቶ አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለው። የጭብጨባው ሙቀት ጀርባዋን ሲያልፍ ተሰማት። ደስ አላት።

ርዕሰ መምህሩ "እትዬ፣ እስኪ ያስረዱን" አሉ።

እትዬ ተነሱ። ልብስ ሰፊዋን አዩዋት። "መጻሕፍቱ አሉ፤ ሌላ የምለው የለኝም" ብለው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ በልቧ 'ምን ይበሉ፣ እጅ ከፍንጅ ተይዘው!' አለች።

ርዕሰ መምህሩ ጭቅጭቅ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ደግሞ ጩኸቱ ወደበዛበት ማዘንበል ይቀለዋል። እዚያው በዚያው ወሰኑ። እትዬ ከሰኞ ጀምሮ ወደ መዝገብ ክፍል ይዛወራሉ፣ ደብዳቤው ይጻፋል፣ የመጻሕፍት ክፍሉ ቁልፍ ለጊዜው በወላጆች ኮሚቴ እጅ ይሆናል። ቁልፉን የተቀበለችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

ሰኞ ማለዳ ደረቷን ነፍታ ሄዳ ቁምሳጥኑን ከፈተችው። መጻሕፍቱ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ገብቷል፤ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ አንዳንዱ ላይ "ታይቷል"፣ ሌላው ላይ "ገና" ይላል። ከጎን አንድ ማግኔት፣ አንድ ወረንጦና አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ተቀምጠዋል። ብልቃጡን ስታነሳው ተንሿሿ። በውስጡ ዘጠኝ የመርፌ ጫፎች ነበሩ።

የስፌት መኪና መርፌ ጫፍ ልብስ ሰፊ አይስተውም። የራሷ ናቸው። ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ በመጀመሪያው ቀን ያስያዘቻት ክር ማስገባት አልነበረም። መርፌ ከተሰበረ ሥራ ይቆማል፤ ጫፉ እስኪገኝ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ዐሥራ አራት ዓመት በዚህ ኖራለች። ሙሽራ ልብሷን ቆማ እየጠበቀች እንኳ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን ስትዳብስ የኖረች ሴት ናት። እነዚያን መጻሕፍት ስትሰፋ ግን የሽፋኑ ካርቶን ወፍራም ነበርና መርፌው በላይ በላዩ ተሰበረባት። እሷም 'በነጻ ለሚሠራ ሥራ ይኼን ያህል!' ብላ አዲስ እየቀየረች ቀጠለች። ስብርባሪውን አልፈለገችም። ጀርባቸውን በጨርቅ ጥብጣብ ለብጣ፣ አሳምራ፣ በሕፃናት እጅ እንዲገቡ ሰጠች።

"አገኘሽው?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"የተወጋችው የኔዋ ናት፣ ሁለተኛ ክፍሏ። ጣቷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ክሊኒክ ይዘዋት የሮጡት እትዬ ናቸው።"

"ምነው ታዲያ አንድ ሰው ቢነግረኝ!"

"እኔማ እንዲያውም ልጮህብሽ ተነስቼ ነበር። እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ። 'ተዪያት፤ በፈቃዷ መጥታ የምታግዝ ሰው ናት፣ ካፈረች ሁለተኛ እግሯ እዚህ አይደርስም። እኔ አንድ በአንድ ፈትሼ እመልሳቸዋለሁ' አሉኝ። ለርዕሰ መምህሩም ትንፍሽ አላሉ።" ባልዲዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "ቅዳሜ ለታ ከአዳራሹ በር ላይ ነበርኩ። ሰምቼሻለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ነደደ። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ለመናገር ይከብዳል፤ ግን አድርጋዋለች። ብልቃጡን በቦርሳዋ ከተተችው። በሩን ዘግታ "ገና" የሚሉትን በማግኔት ፈተሸች፤ ሁለት ጫፎች አወጣች። ብጣሽ ወረቀቶቹን ሰበሰበችና ቀደደቻቸው። ማክሰኞ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ዋሉ። ባለ ጋራዡ ስልክ ደውሎ "አንቺ ባትኖሪ የት ይገኙ ነበር!" አላት፤ "ኧረ ምንም አይደል" አለችው። ርዕሰ መምህሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምስጋና የምስክር ወረቀት እንደተዘጋጀላት ነገሯት። አመስግና እሺ አለች። እግሯ ግን ከቢሮአቸው ወጥቶ ወደ ውጭው በር አልሄደም፤ ወደ መዝገብ ክፍል ሄደ።

የመዝገብ ክፍሉ ከደረጃው ሥር ያለች መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ናት። እትዬ የተማሪዎች ፋይል በጉልበታቸው ላይ አድርገው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ሲያዩዋት አልተነሱም፣ አልተቆጡምም።

"የልጅቷ ጣት ድኗል" አሉ።

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። አንቺ ብዬ..."

"አንቺ ማለትሽን እንኳ ረስቼዋለሁ። ገዢ አግኝተሽላቸዋል ያልሽውን ነው ያልረሳሁት።" ፋይሉን አጥፈው አስቀመጡ። "ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ክፍል ስቀመጥ አንዲት እርሳስ ወደ ቤቴ ይዤ ሄጄ አላውቅም። አሁን ማታ ስወጣ ቦርሳዬን ለዘበኛው ከፍቼ አሳየዋለሁ።"

"እንዴ፣ ማን ጠየቀዎት?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

እትዬ ጨርቁን ጨምቀው ሌላ ፋይል አነሱ። "እዚህ ጓዳ ለኔ አታልቅሺ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እኔማ የሆነውን አውቀዋለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።"

ቅዳሜ አዳራሹ እንደገና ሞላ። ርዕሰ መምህሩ የምስክር ወረቀቱን ይዘው ስሟን ሲጠሩ ተነሳች፤ ወረቀቱን ግን አልተቀበለችም። ከቦርሳዋ ብልቃጡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መርፌዎቹ የሷ መሆናቸውን፣ ልጅ መወጋቷን፣ እትዬ የሷን ነውር ሸፍነው መሰደባቸውን፣ ከሰኞ ጀምሮ እያወቀች መዋሸቷን፣ ወረቀቶቹን መቅደዷን ሳይቀር ተናገረች። እንዲጮሁባት ጠበቀች፤ ቢጮሁባት ይቀላት ነበር።

ባለ ጋራዡ ግን ሳቀ። "እህቴ፣ ይኼ ነው እንዴ እንዲህ ያስለቀሰሽ? እኔ ስንት ብሎን ሞተር ውስጥ ረስቼ መኪናውን ሸኝቻለሁ!" ሰዉ አብሮት ሳቀ። አንዲት እናት "አይዞሽ፣ በቀናነት ነው" አለቻት። ሌላው ደግሞ "ለነገሩ ሴትየዋም ቀድማ መናገር ነበረባት" ሲል ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ለእሷ የሚገባትን ተግሣጽ እየሸራረፉ ወደ እትዬ ሲወረውሩት ቆማ አየች። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ወገን መሆኗ አሳፈራት።

"ቢናገሩ ኖሮ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ?" አለች። "ሥራዬን አንቋሸሸችብኝ ብዬ እዚሁ ቆሜ እጮህ ነበር። እናንተም ታጨበጭቡልኝ ነበር። እሳቸው ይኼን አውቀው ነው ዝም ያሉት። አሁን እኔን አታባብሉኝ። ደብዳቤውን ይቅደዱልኝ።"

የመጨረሻውን ለርዕሰ መምህሩ ነው ያለችው። ባለ ጋራዡ ጣቶቹን ማየት ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝውውሩ እንደተሻረና እትዬ ሰኞ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ አስታወቁ። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን አስረክባ ወጣች። መንገድ ላይ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሙሉ በሙሉ ሳበች፤ አለቀ፣ ያበላሸሁትን አቃናሁ አለች።

ቤት ስትገባ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ጠበቀቻት።

"እማዬ፣ እትዬ ደብቄ ተመልሰው ይመጣሉ እንዴ?"

"ማ?"

"እትዬ ደብቄ ናቸዋ! መጻሕፍቱን የደበቁት። ትምህርት ቤት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላቸው፤ አንደኛ ክፍሎችማ ሌላ ስማቸውንም አያውቁት።"

"ይኼን ስም ማን አወጣላቸው?"

ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ቀና አለች። ፊቷ በኩራት አብርቷል። "እኔ! አንቺ ስብሰባ ላይ ስትናገሪያቸው በመስኮት ሰምቼ። ሲያጨበጭቡልሽ እማዬ ናት እኮ ብዬ ለሁሉም ነገርኳቸው።"

ልብስ ሰፊዋ የምትቀመጥበት ወንበር አጠገቧ እያለ አጣችው። ልጇን እቅፍ አድርጋ ነገሩን ከነመርፌው፣ ከነውሸቷ አስረዳቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አላመነቻትም፤ ሲገባት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። የሁለቱም ይቅርታ ሰኞ ማለዳ አብሮ እንዲደርስ ተስማሙ።

ሰኞ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጻሕፍት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ እትዬ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛቸው ፊት አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ፣ ራሷ ከጠረጴዛው ብዙም ያልዘለለ፣ መጽሐፍ በደረቷ ታቅፋ ቆማለች።

"እትዬ ደብቄ" አለች፣ ክፋት በሌለው፣ እንዲያውም በሚለማመጥ ድምፅ፣ "ይቺን ወደ ቤት ልውሰዳት?"

እትዬ ቀና ሲሉ በሩ ላይ የቆሙትን እናትና ልጅ አዩ። ለአፍታ ያህል ዓይናቸው ልብስ ሰፊዋ ላይ ቆየ። ከዚያ ወደ ሕፃኗ ተመለሱ።

"ውሰጃት፣ የኔ ልጅ" አሉ፣ መዝገባቸውን እየገለጡላት።

ልብስ ሰፊዋ ከደጃፉ ሳታልፍ ቆመች። ልጇ እጇን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።